ሁለት ሳንቲ ተኩል

ጉድጓዱ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠጣ አድሮ፣ ጠዋት ባዶ አፉን ከፍቶ ጠበቃቸው። አቶ ሀብተሥላሴ ጎንበስ ብለው ሲመለከቱ፣ ትናንት ከሮቶው በጎማ የለቀቁበት ውሃ ጠብታ እንኳን አልቀረም። ሮቶው ራሱ በጣት ሲመታ እንደ ከበሮ ይጮኻል። ደስ አላቸው። ከደስታቸው ሥር ግን አንዲት ፍርሃት፣ እንደላላች የሰዓት ብሎን፣ ስትንቀሳቀስ ተሰማቸው።

“ጋሼ፣ ይሄን ጉድጓድ ምን ነክቶታል?” አለ ጉድጓዱን የቆፈረው የቀን ሠራተኛ፣ ከተማ፣ ዶማውን ተደግፎ። “እኔ ደመወዝ በተቀበልኩ ማታ እንኳን እንዲህ አልጠጣም።”

“አፈሩ ጥሩ ስለሆነ ነዋ።”

“አፈር?” ከተማ በሸራ ወደተሸፈነው ቁልል በአገጩ ጠቆመ። “አመድ አገኘሁ፣ የጠርሙስ ስባሪ አገኘሁ፣ የጣሊያን ሳህን አገኘሁ። አፈሩን እንኳን ስፈልገው ነው የዋልኩት።”

“አፍህንም እንደ ቁልሉ ከድነው።”

“ተከድኗል፣ ጋሼ።”

አቶ ሀብተሥላሴ አርባ ስድስት ዓመት ፒያሳ ላይ ሰዓት የጠገኑ ሰው ናቸው። በዚያ ሁሉ ዘመን የማንንም ሰዓት አንዲት ደቂቃ አጉድለው አላስረከቡም፤ “ሀብቴ የነካው ሰዓት አይዋሽም” የሚባልላቸው እስከ ዛሬ ድረስ ነው። በዚህች የሐሙስ ጠዋት ግን በገዛ ግቢያቸው ቆመው፣ ሁለት ውሸት ይዘው እንግዳ ይጠብቁ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታቸው ከፒያሳ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ሰራተኛ ሰፈር ውስጥ ይገኛል። የአካባቢው ሽንት ቤት ከጥንት ጀምሮ በቱቦ ወደ ወንዙ ሲወርድ ኖሮ፣ ዘንድሮ ቱቦዎቹ ተደፈኑ። ከዋናው የፍሳሽ መስመር ጋር መገናኘት የማይችል ቤት በግቢው ውስጥ ሴፕቲክ ታንክና የማስረጊያ ጉድጓድ እንዲሠራ፣ ከዚያ በፊት ግን አፈሩ ውሃ እንደሚያሰርግ በባለሙያ እንዲያስመረምር ታዘዘ። የምርመራውን ወረቀት እስከ ዓርብ ያላቀረበ ሰው ቤቱ ይታሸጋል፤ እሱም ከከተማው ዳር ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ ይገባል። ዓርብ ነገ ነው።

ለራሳቸው ቢሆን ኖሮ የትም መኖር ይችሉ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ አዲስአለም ግን ዓይናቸው ከጠፋ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። ከአልጋ እስከ በር ሰባት እርምጃ፣ ከበር እስከ ማድ ቤት አሥራ አንድ፣ ከደጃፉ ደረጃ እስከ ውጭው በር ሃያ ስድስት። ቤቱን በእግራቸውና በመዳፋቸው ያነቡታል፤ ማንም ሳይመራቸው ጠዋት ወጥተው በሩን ይከፍታሉ፣ ማታ ይዘጋሉ። ሚስታቸው በማያውቁት ፎቅ ላይ፣ በማያውቁት ኮሪደር ውስጥ ግድግዳ እየዳበሱ ሲሄዱ ለአቶ ሀብተሥላሴ ሌት ተቀን በዓይነ ሕሊናቸው ይታያቸዋል።

ስለዚህ ባለፈው ሳምንት፣ ከአንድ ካፌ ባንኮኒ ላይ ተደግፈው ማኪያቷቸውን ሲጠጡ፣ አንድ የሰፈር ሰው “የኔ አፈር ሸክላ ነው፤ ውሃው አልሰርግ ብሎ ጣለኝ” ሲል በሰሙ ጊዜ ብዙ አላሰቡም። ከጓሮው ጥግ፣ ዱባ ማንም ሳይዘራው እንደ ጫካ በሚበቅልበት ሥፍራ፣ አባታቸው ያስቆፈሩት አሮጌ ሽንት ቤት ነበር። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት በአመድና በፍርስራሽ ተደፍኖ ተረስቷል። ውሃ የሚውጥ ቦታ ከተፈለገ ከዚያ የበለጠ አይገኝም። ያንን ለቆፋሪው ለከተማ አሳዩት። የመጀመሪያው ውሸት ይህ ነው።

ሁለተኛው በስልክ የተነገረ ነው። መርማሪዋ “በሠላሳ ሜትር ውስጥ የጉድጓድ ውሃ አለ?” ብላ ስትጠይቃቸው፣ ጥያቄው ወጥመድ መሰላቸውና “የለም” አሉ። ከአጥሩ ማዶ፣ ከቁፋሮው አሥራ ሁለት ሜትር ወረድ ብሎ፣ የጎረቤታቸው የወይዘሮ አስካለ ጉድጓድ አለ። ቧንቧው በፈረቃ ሲጠፋ ሰፈሩን ሁሉ፣ የአቶ ሀብተሥላሴንም ቤት ጭምር፣ የሚያጠጣው እሱ ነው።

መርማሪዋ ኢንጂነር ኤዶም ልክ በሁለት ሰዓት ደረሰች። ጫማዋ ላይ የሌላ ሰው ግቢ ጭቃ ደርቆበታል፤ ሰላምታዋ አጭር ነው። በጉድጓዱ አፍ ላይ ጣውላ አጋድማ ማስመሪያ አንጠለጠለች።

“መብራት ከትናንት ጀምሮ ስለሌለ ስልኬ ሊዘጋ ነው” አለች። “ሰዓትዎ ትክክል ነው፣ ጋሼ?”

“የሳቸውን ሰዓት?” አለ ከተማ። “ጊዮርጊስ እንኳን ደወሉን የሚደውለው ሰው ልኮ እሳቸውን ካስጠየቀ በኋላ ነው።”

“ሰዓቴ አይዋሽም” አሉ አቶ ሀብተሥላሴ። ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ የሌላ ሰው ሆኖ ተሰማቸው።

ከተማ በቤቱ የቀረውን ሁለት ጀሪካን ውሃ ገለበጠ። ውሃው ሲወድቅ መሬት ላይ እንደሚወድቅ ውሃ አልሆነም፤ ከሥር፣ ከሩቅ፣ በባዶ ማሰሮ ውስጥ እንደሚንቆረቆር ያለ ድምፅ መለሰ። ኤዶም ማስመሪያው ላይ አፈጠጠች። ውሃው ዓይን እያየው ወረደ፣ ወረደ፣ ጠፋ።

“ስንት ደቂቃ?”

“አራት” አሉ ሰዓታቸውን አይተው፤ የሚያመሰግናቸውን ቃል እየጠበቁ።

ኤዶም አልጻፈችም። ክንዷን ወደ ጉድጓዱ ሰዳ ከግድግዳው ቆንጠር አደረገችና በጣቶቿ መሃል አሸችው። ግራጫ ነበር።

“በጣም ፈጠነ” አለች።

“ታዲያ ጥሩ አይደለም እንዴ፣ ልጄ?”

“ሳይሰርግ የሚቀረው ይወድቃል፣ ጋሼ፤ እንዲህ የሚፈጥነውም ይወድቃል። አፈሩኮ ማጥለያ ነው። ቆሻሻውን ይዞ ውሃውን ቀስ ብሎ መልቀቅ አለበት። ይሄኛው ማጥለያ የተቀደደ ነው፤ የገባበት ሁሉ እንደገባ ይወጣል።”

“የት ይወጣል?”

“ከታች ወዳለው።”

የአቶ ሀብተሥላሴ ዓይን ሳያዙት ወደ አጥሩ ሄደ፤ በጥድፊያ መለሱት። ባላሰቡት በኩል ነገሩ መፈራረስ ጀመረ። ውሃው ይሰርግ ብለው የዋሹት ውሸት፣ ውሃው ስለሰረገ ሊጥላቸው ነው።

“ከዚህ በፊት እዚህ ቦታ ላይ ምን ነበር?” አለች ኤዶም።

“ዱባ” አለ ከተማ ቀደም ብሎ፤ እውነቱን ነው።

በዚህ ጊዜ ከበረንዳው “ሀብቴ፣ እስቲ ናልኝ” የሚል ድምፅ መጣ።

ወይዘሮ አዲስአለም ወንበራቸው ላይ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። ባላቸው ሲቀርቡ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“የት ነው ያስቆፈርከው?”

“ከጓሮ ነዋ።”

“ጓሮው ሰፊ ነው።”

“አዲስዬ፣ አሁን የዚህ ጊዜ አይደለም።”

“ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አልጠፋም። ያ የአባትህ ሽንት ቤት ድምፅ ነው። ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ሰሞን፣ ይውጠኛል ብዬ ስፈራው የነበረ ጉድጓድ እንዴት ይጠፋኛል?”

“ዝም በይ፤ ትሰማለች።”

“ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።”

“ላንቺ ብዬ ነው” አሉ። ይህን ቃል ለማንም፣ ለራሳቸው እንኳን፣ ተናግረውት አያውቁም ነበር። “እዚያ ፎቅ ላይ ምን ትሆኛለሽ?”

ወይዘሮ አዲስአለም ፊታቸውን ወደ ባላቸው አዞሩ። “ለኔ ብለህ ከሆነ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዛሬ ጠዋት ሻይ ያፈላህልኝ በማን ውሃ ነው?”

አቶ ሀብተሥላሴ ወደ ማድ ቤቱ በር ተመለከቱ። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለው ውሃ ከወይዘሮ አስካለ ጉድጓድ የተቀዳ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ።

ወደ ጓሮ ሲመለሱ ኤዶም ቅጿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጠበቀቻቸው። ፊቷ ትንሽ ለስልሷል።

“አሰብኩበት፣ ጋሼ። ነገ የመጨረሻው ቀን መሆኑን አውቃለሁ። በአካባቢው የጉድጓድ ውሃ ከሌለ፣ ከሥሩ ወፍራም የአሸዋ ማጣሪያ ይሠራለት የሚል ማሳሰቢያ ጽፌ ላሳልፈው እችላለሁ። በስልክ የለም ብለውኛል። እንደዚያው ልጻፍ?”

መንገዱ ተከፈተ። እንዲህ በቀላሉ ይከፈታል ብለው አልጠበቁም ነበር፤ “አዎን” የምትል አንዲት ቃል ብቻ ቀረች። አፋቸውን ለመክፈት ሲሰናዱ የውጭው በር ተንጓጓ።

የገቡት ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ነጠላቸውን አገልድመው፣ ሃያ ሊትር ጀሪካን በወገባቸው ደግፈው፣ እያለከለኩ ወደ ጓሮ ዞሩና ከአቶ ሀብተሥላሴ እግር ሥር አስቀመጡት።

“ከተማ ‘ውሃ አለቀብን’ ሲል በአጥር ሰማሁ” አሉ። “ምን ሆናችሁ ነው፣ ጋሽ ሀብቴ? እኔ እያለሁ ሮቶ ያደርቃሉ? ለአዲስአለም ቤት ጉዳይ ነው አይደል? ካልበቃችሁ እጨምራለሁ።”

ጀሪካኑ ከጎኑ ይንጠባጠባል። ውሃው ከቧንቧ ይሁን ከጉድጓድ በመልኩ አይታወቅም፤ ኤዶምም አልጠየቀችም። አቀርቅራ “የጉድጓድ ውሃ” ከሚለው ጥያቄ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ሳጥን በእስክሪብቶዋ ጫፍ ነካች። ከተማ ሰማይ ሰማዩን ያያል።

“ልጻፍ፣ ጋሼ?”

“ቆዪ” አሉ አቶ ሀብተሥላሴ። “አትጻፊ፣ ልጄ።”

ከዚያ ያለ ማቋረጥ ተናገሩ። ቁፋሮው በአሮጌ ሽንት ቤት አናት ላይ መሆኑን፣ በሸራው ሥር ያለው አመድ መሆኑን፣ የዚህ ጀሪካን ውሃ ከአጥሩ ማዶ ካለ ጉድጓድ የተቀዳ መሆኑን፣ ጉድጓዱም ከዚህ አሥራ ሁለት ሜትር ብቻ እንደሚርቅ። 

ኤዶም ቅጹን ከቦርዱ ላይ ነቅላ ለሁለት ቀደደችው። አልጮኸችም። “ፊርማዬን ይዘው ሰው ሊያስመርዙ ነበር” አለች።

ወይዘሮ አስካለ ነገሩ እስኪገባቸው ጊዜ ወሰደባቸው። ከተማን አዩ፣ ጉድጓዱን አዩ፣ ጀሪካናቸውን አዩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ “ጋሽ ሀብቴ፣ እርስዎ” ሲሏቸው የኖሩትን ሰው፣ ቀጥ ብለው አዩና፣

“አንተ” አሉ። “ከጉድጓዴ ስትቀዳ አንድ ቀን ውሃ ከለከልኩህ?”

“አልከለከሉኝም።”

“የልጅ ልጆቼ የሚጠጡትን ውሃ?”

“አላሰብኩትም፣ ወይዘሮ አስካለ። አዲስአለምን ብቻ ነው ያሰብኩት።”

ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አራግፈው ወጡ። ጀሪካኑን ትተውት ሄዱ፤ ይህ ይቅርታ ይሁን ቁጣ ማንም ሊያውቅ አልቻለም።

“ሌላ ቦታ ይመርመርልኝ” አሉ አቶ ሀብተሥላሴ።

ኤዶም ጸሐይዋን ቀና ብላ አየች። “ከጉድጓዱ ሠላሳ ሜትር የሚርቅ ቦታ አላችሁ? ቢኖርስ፣ አፈሩ ከመለካቱ በፊት አራት ሰዓት በውሃ መነከር አለበት። በምን ውሃ?” ይህን ብላ ትሄዳለች ብለው ሲጠብቁ ከቦርሳዋ ሜትር አወጣች።

ሜትሩ ከአጥሩ ማዶ ካለው የውሃ ጉድጓድ ተነሥቶ ጓሮውን አለፈ፣ ማድ ቤቱን አለፈ፣ በቤቱ ጎን ዞረ። ሠላሳ የሞላው ከደጃፉ ደረጃ አለፍ ብሎ ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ ውጭው በር የቀረችው ቦታ አንዲት የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ብቻ ነበረች። የወይዘሮ አዲስአለም ሃያ ስድስት እርምጃ።

ከተማ ዶማውን እንደያዘ ቆመ። አቶ ሀብተሥላሴም ቆሙ። የሚያድኑት መስሏቸው የዋሹለትን መንገድ በገዛ እጃቸው ሊያስፈነቅሉት ነው።

“ምን ይጠበቃል?” አሉ ወይዘሮ አዲስአለም ከበረንዳው። ሜትሩ የት እንደቆመ በእግሮች ኮቴ ተከታትለውታል። “ከተማ፣ ከዛገብህ ዶማውን ለኔ አምጣው።”

ከተማ ድንጋዩን ፈነቀለ። ከሥሩ የወጣው አፈር ቀይ፣ ጥብቅ፣ ከዶማው ጋር ነጥብ በነጥብ የሚከራከር ነበር። “ያኛው ሰካራም ነበር፤ ይሄ ደግሞ ጾመኛ ነው” አለ ላቡን እየጠረገ። ማንም አልሳቀለትም። ጉድጓዱ ለክንድ በሚበቃ ጥልቀት ሲደርስ የወይዘሮ አስካለን ጀሪካን ገለበጡበት። ሃያ ሊትር ነው፤ ለመንከሪያ የዚያን ስድስት እጥፍ ይፈልጋል። ቧንቧው እስከ ቅዳሜ አይመጣም።

አቶ ሀብተሥላሴ ባዶውን ጀሪካን ይዘው ወዴት እንደሚሄዱ ሳያውቁ በሩ ላይ ቆሙ። ያኔ ከታች፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ባልዲ ከድንጋይ ጋር ሲላተም ተሰማ። ሰንሰለት ተንሸራተተ። ውሃ ተቀዳ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ተላተመ።

ወይዘሮ አስካለ በሁለት ጀሪካን ተመለሱ። “ለአዲስአለም ነው” አሉ፤ ወደ እሳቸው ሳያዩ። “ላንተ አይደለም።” ከዚያ በኋላ ከተማና አቶ ሀብተሥላሴ ወደ ጉድጓዱ እየወረዱ ውሃውን ሽቅብ ተሸከሙ። የሰባ አንድ ዓመቱ ሰው ጀሪካኑን በየጥቂቱ እያሳረፉ ሲወጡ ማንም ‘ይቀመጡ’ አላላቸውም፤ እሳቸውም አልጠበቁም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ኤዶም ጣውላውን አጋድማ ማስመሪያውን አንጠለጠለች። “በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሳንቲ ተኩል መውረድ አለበት” አለች። “ከዚያ ካነሰ መጻፍ አልችልም።” አቶ ሀብተሥላሴ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሰዓታቸውን ሲያወጡ ግን እጇን አነሣች።

“ጊዜውን እኔ እይዛለሁ።”

ስልኳን አውጥታ ጣውላው ላይ አስቀመጠችው። አቶ ሀብተሥላሴ እጅጌያቸውን መልሰው ዘረጉ። ከጠዋት ጀምሮ ከሰሙት ሁሉ፣ ከወይዘሮ አስካለ “አንተ” እንኳን፣ ይህ የበለጠ ጠልቆ ገባቸው። ቢሆንም አርባ ስድስት ዓመት የለመደ ዓይን አይታዘዝምና፣ በእጅጌያቸው ሥር ቆጠሩ።

በሠላሳ ደቂቃ ውሃው አንድ ሳንቲና ሦስት ሚሊ ወረደ። ጸሐይዋ በንጣፉ ላይ ሸሸች። ወይዘሮ አስካለ አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል፤ ወይዘሮ አዲስአለም ወንበራቸው ላይ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይሰማሉ። ድንገት የስልኩ መስታወት ጠቆረ። ኤዶም ጫነችው፣ ነቀነቀችው። አልተነሣም። እንደገና ጀምራ ለመለካት ጊዜው አይበቃም፤ ዛሬ የእሷ ቢሮ ሳይዘጋ ወረቀቱ ማኅተም ማግኘት አለበት።

“ከተማ፣ ስልክ አለህ?”

“ከትናንት ጀምሮ ሬሳ ነው።”

ኤዶም ለረጅም ጊዜ ጉድጓዱን ተመለከተች። ከዚያ አንገቷን ሳታነሣ፣ “ስንት ደቂቃ ሆነ፣ ጋሼ?” አለች።

“ሠላሳ ሰባት” አሉ። “ከአሥር ሴኮንድ።”

ቀና ብላ አየቻቸው። “ስድሳ ሲሞላ ይንገሩኝ።”

በሃምሳኛው ደቂቃ ሁለት ሳንቲና አንድ ሚሊ ሆነ። በሃምሳ አምስተኛው ሁለት ሳንቲና ሦስት። ሰዓት ሠሪ ማስላት አያስተምሩትም፤ በዚህ አካሄድ ስድሳው ሲሞላ ውሃው ከምልክቱ ሊደርስም ላይደርስም ይችላል፤ ልዩነቱ የፀጉር ስፋት ነው። ሁለት ደቂቃ ብትጨመር ግን ያለጥርጥር ያልፋል። በግቢው ውስጥ ከሳቸው ክንድ በቀር ሌላ ሰዓት የለም። ሁለት ደቂቃ ዘግይተው “ሞላ” ቢሉ የሚያውቅ ፍጥረት አልነበረም። ይህንን አሰቡት፤ አላሰቡትም ማለት ውሸት ይሆናል። አውራ ጣታቸው የሰዓቱን ማስተካከያ ጉጥ ነክቶ ቆየ። ከዚያ እጃቸውን ከሰዓቱ አነሡና ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት።

ሃምሳ ስምንት። ሃምሳ ዘጠኝ። ከአጥሩ ወዲያ የታክሲ ረዳት “አራት ኪሎ፣ አራት ኪሎ” ይጣራል። ሴኮንድ ቆጣሪዋ አሥራ ሁለቱን ስትነካ፣

“ሞላ” አሉ።

ኤዶም በደረቷ መሬት ላይ ተኛች። ዓይኗን ከማስመሪያው ጋር አስተካከለች። ከተማ አንገቱን አሰገገ። አልተነሣችም፤ እንደገና አየች።

“ሁለት ሳንቲ ተኩል” አለች።

“ልክ?” አሉ ወይዘሮ አዲስአለም ከላይ።

“ልክ፣ እማማ። አንዲት ሚሊ እንኳን ትርፍ የላትም።” ተነሥታ ደረቷን አራገፈችና አዲስ ቅጽ አወጣች። “አፈሩ ቀርፋፋ ስለሆነ ማስረጊያው ረጅም መሆን አለበት። ይህ መንገድ እስከ በሩ ይቆፈራል።” ቅጹ ላይ “የጉድጓድ ውሃ” ከሚለው ጥያቄ ፊት ለፊት “አለ፤ ርቀት ሠላሳ አራት ሜትር” ብላ ጻፈች፤ ፈረመች። ወረቀቱን ስትሰጣቸው ግን ፈገግ አላለችም። “ዛሬ ቢሮዬ ሳይዘጋ ማኅተም ያስመቱበትና ነገ ጠዋት ያስገቡት። ያኛውን ጉድጓድ ደግሞ ዛሬውኑ ያስደፍኑት፤ በአፈር እንጂ በአመድ አይደለም።”

ወይዘሮ አስካለ ከአጥሩ ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ “ጀሪካኖቼን አጥበው ይመልሱልኝ፣ ጋሽ ሀብቴ” አሉና ወጡ።

ወይዘሮ አዲስአለም ከወንበራቸው ተነሥተው ደረጃውን ወረዱ። ባላቸው ክንዳቸውን ሊይዟቸው ሲቀርቡ ገፋ አደረጓቸው። በእግራቸው ጣት የአዲሱን ጉድጓድ ከንፈር ፈልገው አገኙ፤ በግራ በኩል፣ ድንጋይ በሌለበት፣ በንጣፉ ጠርዝ ባለችው ጠባብ ሣር ላይ እየረገጡ ዞሩት። አቶ ሀብተሥላሴ ከኋላ ተከተሉ። ሚስታቸው በሹክሹክታ ይቆጥሩ ነበር። መዳፋቸው የውጭውን በር ብረት ሲነካ ቆሙ።

“ሠላሳ አንድ” አሉ። “አምስት ጨምረህብኛል።”

ከዚያ ዞረው፣ ቁጥሩ እንዳይጠፋቸው፣ ከአንድ ጀመሩ።